ባለ ሰባት ስፒከሩ ስልክ

በሼንዘን ከተማ፣ በሁዋቺያንግቤይ የኤሌክትሮኒክስ ገበያ፣ ሰው ሁሉ «አለቃ» ነው። ባትሪ የሚሸጠው አለቃ ነው፤ ካርቶን በጋሪ የሚገፋው አለቃ ነው፤ ምሳ ሰዓት ላይ ሩዝ በፌስታል እያዞረ የሚሸጠውም አለቃ ነው። አንድ ሰው ሦስተኛው ፎቅ ላይ ቆሞ «አለቃ!» ብሎ ቢጣራ ሦስት መቶ ራስ ይዞራል። ለዚህም ነው በዚያ ገበያ ከሁሉ ነገር ሠራተኛ የሚጠፋው።

ዡዋንግ ሚንሩ አለቃ ከሆነች አራት ዓመቷ ነበር። ግዛቷ አንድ ሜትር የመስታወት ባንኮ ነው፤ ሕዝቧ እሷና አንድ በርጩማ። የምትሸጠው የስልክ ስፒከር ሲሆን፣ ከጥፍር ያልበለጠች፣ ጣት ላይ ስትቀመጥ የምትጠፋ ነገር ናት። ሚንሩ ግን ዓይኗን ጨፍና በጣቷ ብቻ ዳስሳ የትኛዋ ጥርት ያለ ድምፅ እንዳላት፣ የትኛዋ እንደምታንኮራፋ ለይታ ታውቃለች።

ኦሎምፒክ ሊመጣ አንድ ዓመት ሲቀረው ከተማው በስልክ አበደ። ትናንት የእጅ ሰዓት ማሰሪያ ይሸጥ የነበረ ሰው ዛሬ ጠዋት «የስልክ ፋብሪካ አለኝ» ይላል፤ ደግሞም አልዋሸም። ቦርዱን ከሁለተኛው ፎቅ ይገዛል፤ ስክሪኑን ከደረጃው ሥር፤ ባትሪውን ከአራተኛው። የውጪ ሽፋኑን፣ ማለት ቀፎውን፣ ከከተማው ዳር ካለ ቅርጽ አውጪ ያመጣል፤ ቅርጽ አውጪው ያንኑ አንድ ቀፎ ለመጣው ሁሉ ይሸጣል። ጠዋት ያሰቡት ነገር ማታ እጅ ላይ ይገባል። በሌላ አገር ሰው ሐሳቡን ለማየት ዕድሜ ይለምናል፤ እዚህ ደረጃ መውረድ ብቻ ነው።

እንግዲህ ሁሉም አንድ ቦርድና አንድ ቀፎ ከያዘ በኋላ የሚቀረው አንድ ጥያቄ ነው። የኔ ስልክ ከጎረቤቴ ስልክ በምን ይለያል? ሰዉን ያሳበደውም ይኸው ነው። አንዱ መስታወት ጨመረበት። አንዱ የእጅ ባትሪ። አንዱ ጢም መላጫ አስገባበትና ደንበኛው እያወራ ጆሮ ግንዱን ተላጨ። ከሚንሩ ፊት ለፊት፣ አንድ እርምጃ ያህል ርቆ ባንኮ ያለው ፋንግ ደግሞ፣ ከጎኑ ያለውን መግፊያ ወደ ላይ ሲያንሸራትቱት ሲጋራ የሚለኩስ ስልክ አወጣ። ጥሩ ስልክ ነበር፤ ችግሩ ኪስ ሲገባ ነው። ሁለት ሱሪ ከተቃጠለ በኋላ አራት ሺህ ቀፎ ካርቶን ውስጥ እንደታሸገ በእጁ ቀረ።

ሚንሩ ስለ ሌሎቹ ስልኮች ስትስቅ ከርማ፣ ቤተሰብ የሚሰባሰብበት የመኸር ጨረቃ በዓል አንድ ወር ሲቀረው ሳቁ ወደ እሷ መጣ። ባንኮው የአጎቷ ነበር። አጎቷ ሻይና ንግድ የሚያከብር የቻኦሻን አገር ሰው ነው፤ በሠላሳ ዓመት ውስጥ አንዲት ጠብታ ሻይ ከሲኒ ውጪ አፍስሶ አያውቅም ይባላል። በብዛት ይህን የሚለው እርግጥ ራሱ ነው።

«ሚንሩ» አላት ሻዩን እየቀዳ፣ «አራት ዓመት ስፒከር ሸጥሽ፤ ደግ አደረግሽ። ስፒከር መሸጥ ግን የማንም ሥራ ነው። ፋንግ ባንኮውን ስጠኝ እያለ ጆሮዬን በላው። የእሱንና ያንቺን ደምሮ ሁለት ሜትር ሊያደርገው ነው።»

«ሁለት ሜትር!» አለች ሚንሩ። በዚያ ፎቅ ሁለት ሜትር ማለት ቤተ መንግሥት ነው።

«እስከ መኸር ጨረቃ በዓል ጊዜ ሰጥቼሻለሁ። የራስሽን ዕቃ ሠርተሽ አንድ የረባ ጅምላ ነጋዴ ካዘዘሽ፣ ባንኮው ያንቺ ነው። ካልሆነ በዋዜማው ቁልፉን ትሰጪኝና አገር ቤት ትገቢያለሽ። የእህትሽ ባል በአሻንጉሊት ፋብሪካው ሠራተኛ ስንት ሰዓት እንደገባ የሚመዘግብለት ሰው ይፈልጋል።»

«ልቀጠር? በእህቴ ባል?»

አጎቷ ሲኒውን ወደ እሷ ገፋ አደረገ። በቻኦሻን ሰዎች ዘንድ «ተቀጥረህ ሥጋ ከምትበላ፣ አለቃ ሆነህ የሩዝ ሙቅ ጠጣ» ይባላል። እሱ ራሱ ያስተማራት ነው።

ሚንሩ በማግስቱ ታን ጉዎቢንን ያዘች። ታን የሁናን ሰው ነው፤ ቃሪያ የሌለበት ምግብ ሲያይ ያዝናል። በአንድ ትልቅ ፋብሪካ ስድስት ዓመት ሠርቶ የወጣው፣ ሽንት ቤት ለመሄድ ካርድ ማስፈረም ስለሰለቸው ነው። አሁን በደረጃው ጥግ ካውያና ስታኞ ይዞ ቦርድ ይበይዳል። «አሁን አለቃ ሆኜ እንዲያውም ጊዜ አጥቼ አልሸናም» ይላል፣ «ግን በገዛ ፈቃዴ ነው።»

«ታን፣ ከፍተኛ ድምፅ ያለው ስልክ እንሥራ» አለችው።

«ምን ያህል ከፍተኛ?»

«ሰው ሲደወልለት የሚሰማው።»

ታን ዙሪያውን አየ። እዚያ ቆሞ ይህን ማለት ቀልድ አልነበረም። ፎቁ ላይ ሦስት መቶ ሰው ካርቶን ያሽጋል፤ የፕላስተሩ ጥቅል ሲሳብ ጨርቅ እንደሚቀደድ ይጮሃል። ከዚያ የጋሪ ጎማ፣ ከዚያ ስፒከር የሚሞክር፣ ከዚያ በሌላው ስፒከር ላይ የሚጮህ። ሚንሩና ታን እንኳ ሲነጋገሩ ግማሹን በከንፈር ነበር የሚግባቡት።

በአንድ ስፒከር ሠሩት፤ ባንኮው ላይ አድርገው ደወሉ፤ አልተሰማም። ሁለት አደረጉት።

«ሰማህ?»

«መብራቱን አየሁ።»

ሦስት። አራት። በአምስተኛው ታን «የሆነ ነገር ያለ መሰለኝ» አለ። ሚንሩ ግን ስፒከር ታውቃለችና ለይምሰል የሚሰማ ድምፅ አልፈለገችም። ስድስት። በሰባተኛው ቀን ሰባተኛውን ጨመሩና ታን የሰርግ ጥሩንባ ድምፅ ጫነበት። ሲደውሉ ፋንግ ፕላስተሩን ይዞ ቀና አለ።

«ማን ነው የሚያገባው?» አለ።

ሚንሩ ታን ላይ ዘላ ተጠመጠመችበት። ፋንግ ከሰማ ዓለም ሁሉ ሰማ ማለት ነው፤ ፋንግ ሚስቱን እንኳ የማይሰማ ሰው ነው። አሥር ናሙና ሠሩ፤ በየደረጃው ወሬው ተዛመተ። በበዓሉ ዋዜማ ጠዋት ሻንግ የሚባል ጅምላ ነጋዴ ከሩቁ ከጋንሱ መጥቶ ባንኮው ፊት ቆመ። ሽማግሌ ነው፤ ሁለት እጁን ወደ ኋላ አጣምሯል። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ።

«ምን አሉ?» አለች ሚንሩ።

«እዚህ የገዛ ሐሳቤንም አልሰማውም፤ ጸጥ ያለ ቦታ ወስዳችሁ አሳዩኝ ነው የሚሉት» አለ ታን ከንፈር እያነበበ።

ጸጥ ያለ ቦታ ማለት ከገበያው ጀርባ ያለው ሻይ ቤት ነው። ትልልቅ ውል የሚፈጸመው እዚያ ነው፤ ወለሉ ወፍራም ምንጣፍ ለብሷል፤ አስተናጋጆቹ እንደ ድመት ነው የሚራመዱት። አጎቷ ወሬውን ሰምቶ ቀድሞ ተቀምጦ ነበር። ሦስቱን ሲኒዎች ደርድሮ ሻይ ይቀዳል። እንግዳው አራት ቢሆንም አምስት ቢሆንም ሲኒ ሦስት ነው፤ ተራ መጠበቅ ሰውን ያዋድዳል ባይ ነው። ሚንሩ ስልኩን ሲኒዎቹ አጠገብ አስቀመጠች።

«እንግዲህ ይስሙት» አለችና ለታን ጠቀሰችው። ታን ደወለ።

በኋላ ሻይ ቤቱ ውስጥ የነበረ ሰው ሁሉ የየራሱን ታሪክ ያወራል። የተረጋገጠው ይህን ያህል ነው። ጥሩንባው ሲነፋ ጠረጴዛው ተንቀጠቀጠ፤ ሦስቱ ሲኒዎች እየዘለሉ ወደ ሦስት አቅጣጫ ሄዱ፤ አንዷ አስተናጋጅ ከነትሪዋ ተቀመጠች፤ ውጪ የቆመ መኪና ደንግጦ አብሮ ጮኸ። ታንም ደንግጦ የሚዘጋበትን ቁልፍ ስላጣው ጥሩንባው ሙሽራዋ እስክትገባ ድረስ ነፋ።

ሲያበቃ፣ አጎቷ ማንቆርቆሪያውን እንደያዘ ቀርቷል። ከሠላሳ ዓመት በኋላ ሻይ ከሲኒ ውጪ ፈሶ ነበር፤ የፈሰሰውም የጋንሱው ሽማግሌ ጭን ላይ ነው።

ከመጋረጃው ጀርባ ፋንግ ብቅ አለ። እሱም ደንበኛ ይዞ መጥቶ ኖሯል።

«ምን ፈነዳ? የኔ ስልክ መስሎኝ ነው የሮጥኩት» አለ። ነገሩ ሲገባው ጠረጴዛውን ይዞ ሳቀ። «ሚንሩዬ፣ የኔስ ኪስ ብቻ ነው የሚያቃጥለው!»

አጎቷ ማንቆርቆሪያውን ቀስ ብሎ አስቀመጠና መዳፉን ዘረጋ። የሚፈልገው የባንኮውን ቁልፍ ነበር።

ሻንግ ግን ጭኑን በመሐረብ እያደረቀ፣ «ልጄ» አለ ቀስ ባለ ድምፁ፣ «ይህን ስትሠሩ የት ሆናችሁ ነው የሞከራችሁት?»

«ባንኮው ላይ።»

«ቤትሽስ?»

«ቤቴ... ከላይ የማህጆንግ ጠጠር እያንኳኩ ይጫወታሉ፤ ከታች ዳክዬ ይከተክታሉ።»

«አንተስ?»

«የኔ መስኮት ሥር የአውቶቡስ መናኸሪያ ነው» አለ ታን።

«ጸጥ ያለ ቦታ አንድ ጊዜ እንኳ አልሞከራችሁትም?»

ሚንሩና ታን ተያዩ። ጸጥታ! ለካ ያን ዕቃ ከአራተኛው ፎቅ እስከ ምድር ቤት ከሁሉም ባንኮ ቢፈልጉት አያገኙትም ነበር። ጆሯቸው ሁዋቺያንግቤይ ሆኗል፤ የዓለምን ድምፅ የለኩት በዚያ ነው። ምን ይዋጠኝ አለች ሚንሩ በሆዷ፤ የአጎቷ መዳፍ እንደተዘረጋ ነው።

ሻንግ ተነሣ። ታፍኖ የሚመጣ የድብደባ ድምፅ ወደሚሰማበት መስኮት ሄዶ ወደ ታች አየ። መንገዱን ተሻግሮ ለአዲስ ሕንፃ መሠረት እየቆፈሩ ነው።

«ስልኩን ያዢና ተከተይኝ» አለ።

«አጎቴ» አለች ሚንሩ፣ «ዋዜማው ገና አላለቀም።» አጎቷ መዳፉን አየና ወደ ኪሱ ከተተው።

ጉድጓዱ ጋ ሲደርሱ ምድሩ ይንዘፈዘፋል። አቧራ የለበሱ ሰዎች ኮንክሪት በሚሰብር ማሽን ላይ ተንጠልጥለው ጥርሳቸው ይንቀጫቀጫል። ሻንግ አንዱን በምልክት ጠርቶ ስልኩን ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተለትና ወደ ሥራው መለሰው። ከዚያ ለሚንሩ ራሱን ነቀነቀላት። ደወለች።

ለቅጽበት ምንም የለም። ወዲያው ሰውዬው ጊንጥ የገባበት ይመስል ደረቱን በጥፊ መታ። ማሽኑ ቆመ። ጥሩንባው ከጉድጓዱ ውስጥ ወጥቶ አየሩን ሞላው። ስድስት ሰዎች የየራሳቸውን ኪስ ዳበሱ።

«የማን ነው? የኔ ነው?»

«ያንተማ ጠርቶ ተሰምቶ ያውቃል እንዴ!»

«እመቤቴ፣ ይሄ የት ይሸጣል?» አለ ኪሱ የነፋው ሰው። «ሚስቴ ሦስት ጊዜ ደውላ ካላነሣሁ ሞተ ብላ ታለቅሳለች።»

«የኔዋ ሦስት ጊዜ ደውላ ካላነሣሁ ሌላ ይዟል ነው የምትለው» አለ ሌላው ከጉድጓዱ። «ሞተ ብትለኝ ይሻለኝ ነበር።»

ሻንግ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ። «የኔ ደንበኞች ድንጋይ ፈላጮች ናቸው፤ ከባድ መኪና ነጂዎችና የአጨዳ ማሽን ሹፌሮች። ስልክ እሸጥላቸዋለሁ፤ አንድም ቀን ግን ደውዬ አንሥተውልኝ አያውቁም። በዚያ ሁሉ ጩኸት ምን ይሰማሉ? ይሄ ለእነሱ የተሠራ ነው።» የሚንሩ ልብ ሲዘል «ግን» አለ። «ሰውዬው ማታ ቤቱ ይገባል። ልጁ ተኝታለች። ያኔስ?»

«ሜኑው ውስጥ ገብቶ ድምፅ መቀነስ...»

«ጓንት ያጠለቀ ሰው ሜኑ ውስጥ አይገባም፤ መነጽርም የለውም። በአውራ ጣቱ ከነጓንቱ የሚነካው ነገር ስጪኝ። ሥራ ቦታ ይጩህ፤ ቤት ያንሾካሹክ። ባቡሬ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው። ከዚያ በፊት ከሠራችሁ ሦስት ሺህ አዛለሁ። ካልሆነ መልካም በዓል።»

አምስት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ቀርቶት ነበር። ሚንሩና ታን መልካም በዓልም ሳይሉ እግሬ አውጪኝ አሉ።

የኤሌክትሪኩ ነገር ለታን ጨዋታ ነው። ወደ ስድስቱ ስፒከሮች የሚሄደውን ሽቦ በጠሰና በመግፊያ አገናኘው፤ ወደ ላይ ሲገፉት ሰባቱም ይነፋሉ፣ ወደ ታች ሲመልሱት አንዷ ብቻ ትቀራለች። መግፊያውን ሚንሩ ከሁለተኛው ፎቅ ቦርድ ነጋዴ ዘንድ ሮጣ አመጣች። ሲሳካ ጊዜ ደስታው ራሳቸውን አሳታቸው፤ ሊዘፍኑ ምንም አልቀራቸውም። ቀፎው ሲመጣ ግን ዘፈኑ ቆመ። መግፊያው የሚወጣበት ቀዳዳ ያስፈልጋል። የመጀመሪያው ቀፎ ሲበሳ ተሰነጠቀ። ሁለተኛው ተሰነጠቀ። ሦስተኛው ሊበሳ ሲል ነው የተሰነጠቀው።

«ቅርጽ አውጪው ጋ ልደውል?»

«አዲስ ቅርጽ ሁለት ሳምንት ይላል» አለ ታን። «እኛ የቀረን ሦስት ሰዓት ነው። ደሞ ርቦኛል።»

«ደሞ አንድ ቀዳዳ ብቻ አይደለም፤ ለሦስት ሺህ ስልክ ሦስት ሺህ ጊዜ ልንበሳ ነው?» አለች ሚንሩና ራሷን ይዛ ቀና አለች። ፊት ለፊቷ ፋንግ ሲጋራ ሊለኩስ ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ ነበር። ያልተሸጠውን ዕቃ የሚጠቀመው እሱ ብቻ ነው። አውራ ጣቱ ከጎን ያለውን መግፊያ ወደ ላይ አንሸራተተው፤ እሳቱ ቦግ አለ።

ሚንሩ የፋንግን አውራ ጣት አየች። ከዚያ የራሷን ቀፎ አየች። ያው አንድ ቅርጽ አውጪ፣ ያው አንድ ቀፎ ነው፤ ልዩነቱ የፋንግ ጎኑ ላይ መግፊያው የሚመላለስበት ቀዳዳ ያለው መሆኑ ብቻ!

ባንኮዋን ዘላ ተሻገረች።

«ጋሽ ፋንግ! ያ ስልክዎ!»

«ሱሪሽን ማቃጠል አማረሽ?»

«ቀፎዎቹ አሁንም አሉ?»

ፋንግ ዓይኑን ጠበብ አደረገ። ነጋዴ ነውና የሰው ጉሮሮ ሲደርቅ ያውቃል። «ሦስት ሺህ ዘጠኝ መቶ ዘጠና ስምንት አሉ። ሁለቱ ተቃጥለዋል። ግን እኔ ምን በወጣኝ? አንቺ ዛሬ ማታ ቁልፉን ታስረክቢያለሽ፤ እኔ ነገ የሁለት ሜትር አለቃ ነኝ። መለኪያ ሜትር እንኳ ገዝቻለሁ።»

«ሁለት ሜትር ይዘው ምን ሊሸጡበት ነው? እሳት?»

በአካባቢው ያሉ አለቆች ሳቁ። ፋንግ አልሳቀም፤ ከባንኮው ሥር ያለውን አንድ ካርቶን ግን ገልመጥ አደረገ። ሚንሩ ያችን ግልምጫ አልሳተቻትም።

«ጋሽ ፋንግ፣ ባንኮው አንድ ሜትር ነው፤ የትም አይሄድም። የቀሩት ካርቶኖች ግን ዓመቱን ሙሉ የሚተኙት እርስዎ አልጋ ሥር ነው። ባለቤትዎ ነግራኛለች። ሦስት ሺህ እወስዳለሁ፣ ዛሬውኑ።»

ፋንግ ጢሱን ወደ ላይ ለቀቀ። «ሦስት ሺህ... ደህና። ግን አንድ ነገር ትነግሩኛላችሁ። ሰባት ስፒከር አንድ ላይ ሲነፋ ቀፎው ለምን አይንኳኳም? እኔ በሦስት ሞክሬ ሊነቀል እንደ ደረሰ ጥርስ ተንኳኳ።»

ታን ከወዲያ ማዶ ራሱን በኃይል ነቀነቀ፤ አትንገሪው ማለቱ ነው። ያ ምስጢራቸው ነበር፤ አሥር ቀን ፈጅቶባቸዋል። ሚንሩ አሰበች፤ ለማሰብ የወሰደባት ጊዜ አንድ ፕላስተር እስኪሳብ ነው። ብትነግረው ፋንግ በሳምንቱ የራሱን ያወጣል። ባትነግረውም አንዱን ገዝቶ ፈቶ በሳምንቱ የራሱን ያወጣል። በሁዋቺያንግቤይ ደግሞ አንድ ሳምንት ማለት ረጅም ዕድሜ ነው፤ በሳምንት ውስጥ ሰው ከብሮ፣ ከስሮ፣ ተመልሶ ይከብራል።

«እሺ» አለች።

«እሺ? እንዲህ በቀላሉ?» ፋንግ እንደተታለለ ሰው ደነገጠ።

«የጫማ ስፖንጅ ነው። በየስፒከሩ ሥር አንዳንድ ክብ እየቆረጥን እናስገባለን።»

«የጫማ ስፖንጅ!» አለ ፋንግ። «አሥር ቀን ከእኔ ፊት ለፊት ጫማ ስትቆራርጡ ታን ድሃ ስለሆነ መስሎኝ!»

ከዚያ በኋላ የሆነው ሩጫ ነው። ፋንግ ካርቶኑን በጥርሱ ቀዶ ቀፎ አወጣ፤ የእሳቱን መለኮሻ ነቀለና መግፊያውን አጸዳ። ካርቶን ገፊው ወሬውን ሰምቶ ጋሪውን አቁሞ ስታኞ ያዘ። የሁለተኛው ፎቅ ቦርድ ነጋዴ «ደረሰ ወይ?» ለማለት ሦስት ጊዜ ደረጃ ወጣ። ሩዝ ሻጩ ለታን አንድ ፌስታል አስቀመጠለት፤ ቃሪያ ጨምሮበታል። ታን አንድ እጁ ካውያ፣ አንድ እጁ ማንኪያ ላይ ነበር፤ አንድ ጊዜ ሊያምታታቸው ለጥቂት ተረፈ። ማንም ማንንም አልቀጠረም፤ ማንም «ምን አገኛለሁ?» ብሎ አልጠየቀም። ከእነሱ መካከል አንዱ ነገር ሲሠራ ማየት በዚያ ፎቅ ላይ እንደ ተላላፊ በሽታ ነው።

አሥር ሰዓት ተኩል ሲል የመጨረሻዋ ብሎን ገባች። ቀና ሲሉ ሻንግ ሻንጣውን ይዞ ባንኮው ፊት ቆሟል። ከኋላው አጎቷ፣ ማንቆርቆሪያው በእጁ።

ሚንሩ አዲሱን ስልክ ዘረጋችለት፤ ከካርቶን ገፊው የተቀበለችውን ወፍራም ጓንት አጥልቃ መግፊያውን በአውራ ጣቷ ወደ ላይ ገፋችው። ታን ደወለ፤ ጥሩንባው ነፋ፤ ሻንግ ራሱን ነቀነቀ። ወደ ታች መለሰችው፤ ታን ደወለ።

ምንም አልተሰማም።

ሻንግ ጆሮውን አስጠጋ። ፕላስተር ይቀደዳል፤ ጋሪ ይንቋቋል። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፤ ሚንሩ በዚህ ጊዜ ታን ሳይነግራት ገባት። «እየጠራ ነው ወይስ ሞቷል? እንዴት ልወቅ?» ነው ያለው። ሰዓቱን አየ። ሻይ ቤት እንመለስ ቢባል ባቡሩ ያመልጠዋል። ወይ ጉድ! ለማስጮህ አንድ ወር ለፍተው አሁን ዝምታውን የሚያሰሙበት ቦታ አጡ።

ሚንሩ በርጩማው ላይ ወጣች። ከዚያ ባንኮው ላይ ወጣች፤ መስታወቱ ከሥሯ ቋ ብሎ ተሰነጠቀ። ሳንባዋ እስኪፈነዳ አየር ሳበችና፦

«አለቃ!»

ሦስት መቶ ራስ ዞረ።

«አለቆች! በሞቴ! አሥር ጊዜ እስክተነፍስ ድረስ እጃችሁን አንሡ! ፕላስተር አትሳቡ! ጋሪ አታንቀሳቅሱ! ስልኬን ልሰማው ነው!»

«ምንሽን?» አለ ከወዲያ ማዶ አንዱ።

«ዝም በል ትላለች!» አለ ፋንግ፤ ድምፁ እስከ አራተኛው ፎቅ ሄደ።

ያኔ ያ ፎቅ ከተሠራ ጀምሮ ሆኖ የማያውቅ ነገር ሆነ። የፕላስተሩ ድምፅ ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው እየተቆራረጠ ቆመ። ጋሪዎቹ ቆሙ። የሚሞከሩት ስፒከሮች አንድ በአንድ ዝም አሉ። የመብራቶቹ እዝዝታ ተሰማ፤ አብዛኛው ሰው መብራት ድምፅ እንዳለው ያን ቀን ነው ያወቀው። ሰዎች እርስ በርሳቸው ተያዩ፤ አንዳንዱ የፈራ ይመስል ነበር።

ሚንሩ ለታን ራሷን ነቀነቀችለት።

ጥሩንባው ጠራ፤ ቀስ ብሎ፣ ከሩቅ መንደር እንደሚመጣ ሰርግ። ከመግፊያው ሥር አንዲት ስፒከር ብቻዋን፤ ሚንሩ በጣቷ ዳስሳ የመረጠቻት፣ ጥርት ያለችው። እስከ ደረጃው ድረስ ተሰማች። የተኛ ልጅ ግን አትቀሰቅስም።

ሻንግ ዓይኑን ጨፍኖ አዳመጠ። ሲያበቃ በዚያ ቀስ ባለ ድምፁ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ፎቁ ሁሉ እየሰማው፣ «ሦስት ሺህ» አለ። «እስከ ወሩ መጨረሻ። እነሱን ካየሁ በኋላ ሌላ ሦስት ሺህ።»

ሚንሩ መልስ ልትሰጥ አፏን ስትከፍት አውራ ጣቷ ሳታስበው መግፊያውን ገፋው፤ ታንም በደስታ እንደገና ደውሎ ነበር። ሰባቱ ስፒከሮች ነፉት! ሦስት መቶ አለቃ በአንድ ላይ ሳቀ፤ ያጨበጨበም፣ ያፏጨም፣ ካርቶን የደበደበም ነበር፤ ፕላስተሮቹ ሁሉ በአንዴ ተሳቡ፤ ፎቁ ወደ ራሱ ተመለሰ።

ሻንግ ትዕዛዙን ባንኮው ላይ ጽፎ ፈረመና ሻንጣውን አንሥቶ ወደ ባቡሩ ሮጠ፤ ያ ዝግ ያለ ሽማግሌ ሲሮጥ ያየ ሰው ሁሉ መንገድ ለቀቀለት።

አጎቷ ወደ ባንኮው ቀረብ አለ። የሆነ ነገር ተናገረ፤ ረዘም ያለ ነገር፤ ሲናገር ዓይኑ እርጥብ ነበር። ሚንሩ ጆሮዋን ዘንበል አደረገችለት፤ አንድም ቃል አልሰማችም። «ምን አሉኝ አጎቴ?» ብላ ጮኸች። እሱም አልሰማትም። መዳፉን ከኪሱ አውጥቶ ዘረጋው፤ በዚህ ጊዜ ግን ባዶ አልነበረም። ሁለተኛውን ቁልፍ፣ አራት ዓመት ሙሉ ራሱ ጋ ያስቀመጠውን፣ መስታወቱ ላይ አኖረው። ከዚያ ከሥሩ የተሰነጠቀችውን መስታወት አይቶ አንገቱን ነቀነቀ፤ ማንቆርቆሪያውን ይዞ ሄደ። ሲሄድ ከማንቆርቆሪያው አፍ ሻይ ጠብ ጠብ ይል ነበር፤ ሚንሩ ለማንም አልተናገረችም።

«ምን አለሽ?» አለ ታን ቃሪያውን እያኘከ።

«አልሰማሁትም» አለች፤ ቁልፉን ከጨበጠችው መዳፏ ሳታወጣ።

ከወዲያ ማዶ ፋንግ አንድ ናሙና ፈትቶ ስፒከሮቹን በጣቱ ይቆጥር ጀምሯል። አንድ እግሩ ባዶ ነው፤ ጫማውን አውልቆ ስፖንጁን በመቀስ ክብ ክብ አድርጎ እየቆረጠው ነበር።

«ሚንሩ!» ብሎ ጮኸ፣ «እኔ ዘጠኝ ነው የማስገባው! ዘጠኝ!»

«ዘጠኝ ካስገቡ ሌላኛውንም ጫማ ያውልቁ!» ብላ መለሰችለት። ከዚያ በርጩማዋ ላይ ተቀመጠች፤ አንዲት ስፒከር ከመሳቢያው አንሥታ ዓይኗን ጨፍና በጣቷ ታዳስሳት ጀመር። ፋንግ የራሱን እስኪያወጣ አንድ ሳምንት ነበራት።